እኔን ዝም አሰኝተው ልጄን ላናገሩልኝ ቲቸር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ ኮዬ ፈጬም፣ ቂሊንጦም፣ እስከ ገላን ድረስ የምትኖሩ፣ በተለይ በሩን ዘግቶ የሚውል ልጅ ቤታችሁ ውስጥ ያላችሁ፣ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ትረዝማለች። ግን በጊዜው እንዲህ ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ያን ያህል ወር አላቃጥልም ነበር። ገንዘቡንማ ተዉት።

የማመሰግናቸውን ሰው ስም አልጽፍም። ለምነውኛል። «ስሜን አደባባይ ካወጣሽው የሚመጣውን ሁሉ ማስተናገድ አልችልም፣ በአንድ ጊዜ የምይዘው 6 ሰው ነው» ብለውኛል። እኛ ሰፈር ቲቸር ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ከጡረታ በኋላ ላይፍ ኮቺንግ ተማሩ፣ ሰው የራሱን ግብና መንገድ በጥያቄ ራሱ እንዲያገኝ ማገዝ ማለት ነው። አሁን ምድር ቤት ባለች ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ ጤና አዳሙ አጠገብ፣ ወጣቱንም እንደኔ ያለውንም ጎልማሳ ያነጋግራሉ። የፈለጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ልጄ 20 ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው፣ ቤት ውስጥ ግን አሁንም ማሙሽ ነው የምንለው። የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው በ2016 ነው። ጳጉሜ ላይ ውጤት መጣ። በዚያ ዓመት ከተፈተነው ተማሪ የማለፊያውን 50 በመቶ ያመጣው 5.4 በመቶ ብቻ ነበር። ከመቶው ልጅ ዘጠና አራት ዘጠና አምስቱ ወድቋል ማለት ነው። ይሄን ቁጥር አሁን ነው እንዲህ ተረጋግቼ የምጠራው። ያኔ አገሩ ሁሉ አልፎ የወደቀው የኔ ልጅ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ሪሚዲያልም አልደረሰውም። እንቁጣጣሽን እንዴት እንዳሳለፍን አልነግራችሁም። ዶሮው ተሠርቶ ማንም አልነካውም።

ከዚያ ልጁ ተዘጋ። ቀን እንቅልፍ፣ ሌሊት ስልክ። የሰፈር ጓደኞቹ ሲጠሩት «የለም በሉ» ይላል። አባቱ የአይሱዙ ሾፌር ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። ሲመጣ እሱ ይጮኻል፣ ሲሄድ እኔ እጮኻለሁ። በፈረቃ ነበር፣ ልክ እንደ ውኃችን።

እኔም መፍትሔ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የወሰድኩት አንድ የሆቴል አዳራሽ ነው። «ሕይወትዎን የሚቀይር የ2 ቀን ሥልጠና» ይላል ማስታወቂያው። ለሁለታችን 7,000 ብር ከፈልኩ፣ ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። ሱፍ የለበሰ ጎረምሳ መድረኩ ላይ እየዘለለ «እችላለሁ በሉ!» ይለናል። እንላለን። «አልሰማሁም!» ይላል። እንጮኻለን። ዓይናችሁን ጨፍኑና ከ5 ዓመት በኋላ ራሳችሁን ቪኤይት መኪና ውስጥ ተመልከቱ አለን። ጨፈንኩ። የታየኝ የቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ነገሩ ወጣ። ለካ ሥልጠናው መግቢያ ነው፣ ዕቃ ገዝታችሁ፣ ሁለት ሰው አምጥታችሁ፣ እነሱም ሁለት ሁለት ሰው አምጥተው... ማሙሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እማ፣ እንሂድ» አለኝ። በ3 ሳምንት ውስጥ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ሁሉ ብር ያተረፍኩት ይቺን ነው።

ሁለተኛው አማካሪ ነኝ ባይ ነው። ቢሮ አለው፣ ግድግዳው በሰርተፍኬት ተሸፍኗል። ልጄን አስቀምጦ 20 ደቂቃ ሙሉ ወረደበት። «የእናትህ ድካም አይታይህም?» «እኔ በአንተ ዕድሜ...» መሃል ላይ 3 ጊዜ ስልክ አነሳ። አንዱ ስልክ ስለ ሲሚንቶ ነበር። ስወጣ ያንገበገበኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያንን ስድብ እኮ እኔ ቤት ውስጥ በነፃ እሰጠው ነበር።

ሦስተኛውን ባላነሳው ይሻለኛል። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ነው። በቴሌብር ላኪ አለኝ፣ ላኩ፣ አለቀ። ሞኝነቴ ነው።

ስለዚህ የካቲት ላይ አንዲት ጎረቤቴ ጉሊት ሽንኩርት እየመረጥን «እዚህ ሰፈር አንዲት ላይፍ ኮች አሉ» ስትለኝ ደሜ ፈላ። የአዳራሹም ጎረምሳ ራሱን የሚጠራው ላይፍ ኮች እያለ ነበር። የሄድኩት ለማመን ሳይሆን ለመጣላት ነው ብል ይሻላል። ልጁንም አልወሰድኩትም። በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብዬ የደረሰብኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ቲቸር አልተቆጡም። «እውነትሽን ነው፣ በብዙ አገር ማንም ተነስቶ ኮች ነኝ ቢል ፈቃድህን አሳይ የሚለው የለም» አሉኝ። «ስለዚህ መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ። የት ተማሩ በይኝ። ከማን ጋ ሠሩ በይኝ። ደግሞ የማይችሉት ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂኝ።»

የማይችሉትን! ከዚያ በፊት ያየኋቸው ሁሉ የሚችሉትን ነበር የሚደረድሩልኝ። ያኔ ነው ቦርሳዬን ከጭኔ ላይ አውርጄ መሬት ያስቀመጥኩት።

የማይችሉትንም ነገሩኝ። ኮች ሐኪም አይደለም አሉኝ። እንቅልፉን ጠየቁኝ፣ ምግቡን ጠየቁኝ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ነገር ካለ መጀመሪያ ሐኪም፣ እኔ ከዚያ በኋላ ነኝ አሉ። ኋላ እንደሰማሁት አንዲት የሰፈራችንን ልጅ እንደዚያ አድርገው፣ ራሳቸው ታክሲ ይዘው ሆስፒታል አድርሰዋታል፣ አንድ ብርም አልተቀበሏትም። ለእኔ እዚያች ላይ በቅተዋል። ማታ ለባለቤቴ ደውዬ ስነግረው ግን «አማኑኤል ልታስገቢው ነው?» አለኝ። አይ፣ ምክር ነው ስለው ደግሞ ባሰበት። «ምክር በገንዘብ? እኔ እመክረዋለሁ!» የእሱን ምክር ብሎኩ ሙሉ ያውቀዋል፣ እስከ ታች ነው የሚሰማው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማሙሽን ይዤው ሄድኩ። እንዴት እንዳስነሳሁት አትጠይቁኝ። ቲቸር ሻይ ቀድተው «ምን ትፈልጋለህ?» አሉት።

«ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው የሚፈልገው» አልኩ እኔ።

«እሺ። አንተስ?»

«በድጋሚ መፈተን ነው እንጂ ሌላ ምን አለው» አልኩ።

ቲቸር ቀና ብለው አዩኝ። «እህቴ፣ ማድቤት ቆሎ አለልሽ፣ ታወጪልኛለሽ?» ገባሁ። ቆሎው የለም። ፈለግኩ፣ ፈለግኩ። ስመለስ የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል፣ ልጄ እያወራ ነው። ቆሎ እንዳልነበረ ገባኝ። ማድቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። የሚለውን አልሰማሁም፣ ድምፁን ብቻ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነኝ እንጃ፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። አለቀስኩ። ያለቀስኩት ግን ግማሹ ንዴት ነው፣ ከእኔ ጋ ለምን አያወራም ብዬ።

ሲወጡ «ምን አለዎት?» አልኳቸው።

«እሱ ከፈለገ ይነግርሻል።»

«ቲቸር፣ የምከፍለው እኮ እኔ ነኝ!»

«የምትከፍይው አንቺ ነሽ። የሚያወራኝ እሱ ነው። እሱ ያለኝን ለአንቺ ካቀበልኩ ሁለተኛ አይመጣም። ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ከሰማሁ ግን ሳታድሪ ነው የምነግርሽ፣ ይሄን ለእሱም ነግሬዋለሁ።»

በዚያች ደቂቃ ጠላኋቸው። አሁን ሳስበው ልጄን ያተረፈልኝ እሱ ነው። ለኮቾች ትልቁ ሕጋቸው ይሄ ምስጢር መጠበቅ ነው አሉ። አማካሪ ተብዬው እኮ ልጄ ያለውን አንድ ቃል ወዲያው በሩ ላይ ነበር የነገረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ማሙሽ አልሄደም። ሐሙስ መምጣት የነበረበት ውኃ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ያውቀዋል፣ ውኃ ሲመጣ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። የእኛ ቤት 4ኛ ፎቅ ነው፣ ግፊቱ እዚያ አይደርስም። ማሙሽ ተኝቶም ቢሆን ውኃ ሲመጣ ይነሳል፣ ይሄን ብቻ አልተወም። ጀሪካኑን ይሞላል፣ የ3ኛ ፎቋን እማማንም ይሞላላቸዋል።

ቲቸር ሰዓቱ ሲያልፍ ልጁ ቀረ ብለው ሊቆጡ ይችሉ ነበር። ወይ ብሩ ተከፍሏል ብለው ዝም ሊሉ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ጣል አድርገው መጡ። ደረጃው ውኃ በውኃ ሆኗል። 2ኛ ፎቅ ላይ ቆም አሉ። እዚያ ጋ ከታች የሚመጣው ወፍራም ጎማ ወደ ላይ ከሚወጣው ቀጭን ጎማ ጋ የተገናኘበት ቦታ አለ። ማሙሽ ነው የሠራው፣ ከሰፈር ፓምፕ ተውሶ። ቀጭኑን ወፍራሙ ውስጥ አስገብቶ፣ በላዩ ላይ የተቀደደ ከመነዳሪ ጠምጥሞ፣ በሽቦ አጥብቆታል። እኔ በየሳምንቱ እረግጠዋለሁ፣ አንድ ቀን ዝቅ ብዬ አይቼው አላውቅም።

ቲቸር ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። መጋጠሚያውን በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱትና ጣታቸውን ለእኔ አሳዩኝ። ደረቅ ነው። ፓምፑ እየጮኸ፣ ጎማው እየተንቀጠቀጠ፣ ጠብ የምትል ነገር የለችም።

«ይሄን ማን አሰረው?» አሉ።

ማሙሽ ባዶ ጀሪካን ይዞ እየወረደ ነበር። «እኔ» አለ፣ ጥፋት የሠራ ይመስል።

«ማን አሳየህ?»

«ማንም። መጀመሪያ በላስቲክ አሰርኩት፣ አፈሰሰ። ከዚያ በጨርቅ ሞከርኩ፣ አፈሰሰ። ከመነዳሪው ሦስተኛዬ ነው። ሽቦውን በሁለት በኩል ካላጠበቁት ይንሸራተታል።»

ቲቸር ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እርጥብ ላይ። ማሙሽም ጀሪካኑን ደፍቶ ተቀመጠበት። «እስቲ ሽቦውን ንገረኝ» አሉት። ልጄ ስለ ሽቦ ሩብ ሰዓት አወራ። አንድም «ጎበዝ» አላሉትም፣ ልብ ብያለሁ። እየጠየቁ ነው የሰሙት። በመጨረሻ «ባለፈው ቅዳሜ ምንም ነገር ጨርሼ አላውቅም ብለኸኝ ነበር» አሉትና ዝም አሉ። እሱም ዝም አለ። እኔ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፣ በዓይናቸው መለሱኝ። ያ ዝምታ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እንጃ። ከዚያ ማሙሽ «ይሄ ሥራ ሆኖ ሰው ይማረዋል?» አለ። ይማረዋል እንዴ! አገሩ ሁሉ በየኮንዶሚኒየሙ የሳኒተሪ ሠራተኛ እየለመነ!

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ በ4 ጥያቄ ነው የሚዞረው። ምን ትፈልጋለህ? አሁን የት ነህ? ምን ምን መንገድ አለህ? የትኛውን፣ መቼ ታደርጋለህ? ጥያቄዎቹ የእሳቸው ፈጠራ አይደሉም። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ እንግሊዝ አገር የተጀመሩ ናቸው። በ1992 በመጽሐፍ ያስፋፋቸው ጆን ዊትሞር የሚባል ሰው ደግሞ ወጣት ሆኖ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር። ማሙሽ ጆሮውን የጣለው ይሄን ሲሰማ ነው። ራሱ ኮች የሚለው ቃል እኮ ሠረገላ ማለት ነበር፣ ሃንጋሪ ውስጥ ሠረገላ ከሚሠሩባት ኮች ከምትባል መንደር የመጣ። «ሠረገላ ያደርሳል እንጂ የት እንደምትሄድ አይወስንልህም» አሉት። እኔ ደግሞ «እንደ ታክሲ ነዋ፣ ወራጅ አለ የሚለው ተሳፋሪው ነው» ብዬ ሳቅን።

ሌላው ሌላው ብዙ አይገባኝም፣ እዚያ አልገባም። አንድ ነገር ግን ቤታችን ውስጥ ስላየሁት ልንገራችሁ። ግቡ ትልቅ ሆኖ የሳምንቱ ሥራ ትንሽ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠው ሥራ፣ ይቅርታ፣ ራሱ የመረጠው ሥራ፣ ጎን ካለው ብሎክ ፊኒሺንግ የሚሠራ የቧንቧ ባለሙያ ጋ ሄዶ «አንድ ቀን አብሬህ ልዋል?» ማለት ብቻ ነው። መቼ? «ማክሰኞ ጠዋት» አለ። ማክሰኞ ጠዋት ምን ሲሆን? እዚህ ላይ ያስቁኛል። «እማ ቡና መውቀጥ ስትጀምር ጫማዬን አደርጋለሁ» ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ የታዘዝኩት ማክሰኞ ቡናውን በሰዓቱ መውቀጥ፣ ሌላ ምንም አለመናገር። ወቀጥኩ። ሙቀጫውን ልሰብረው ነበር። የበሩን ድምፅ ሰማሁ። ሄደ።

ሁልጊዜ አልሄደም። አንድ ሳምንት ተመልሶ ተኛ፣ በቃ ተበላን አልኩ። ቲቸር አልወቀሱትም። «ምን ከለከለህ?» ነበር ያሉት። ለካ አንድ የድሮ ክፍሉ ልጅ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያውን አንጠልጥሎ ታክሲ ላይ አግኝቶት ነው። ይሄንን ማሙሽ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ቆይቶ፣ ሽንኩርት እየላጠልኝ።

አሁን የት ነው ትሉኝ እንደሆነ፣ ከዚያ ባለሙያ ጋ ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ረዳት ሆኖ ሠራ። ከ2018 መጀመሪያ ደግሞ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ሳኒተሪ እየተማረ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይሠራል። ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ምዘናው፣ እየተዘጋጀ ነው። የ12ኛውን ፈተና እንደገና እወስዳለሁ ወይ የሚለውን ገና አልወሰነም፣ እኔም አልጠይቀውም። አልጠይቀውም ስል በሳምንት አንዴ ይምጣብኝ እንጂ።

ስለራሴም አንድ ነገር ልበል። ያን ቀን ማድቤት ስወጣ ቲቸር ሌላም ጠይቀውኝ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ መግባት የማን ግብ ነው?» መልሴን ከሁለት ቀን በኋላ ነው ያገኘሁት፣ ከመርካቶ ስመለስ ታክሲ ውስጥ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና አካውንቲንግ ተማሪ ያለኝ እሱ ነው። በዲፕሎማ ጨረስኩ፣ ዲግሪውን እንዳልይዘው ልጅ መጣ። ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ድርጅት ውስጥ በእጄ ደረሰኝ እመዘግባለሁ። ያልያዝኩትን ዲግሪ ማሙሽ እንዲይዝልኝ ነበር ለካ። እኔም ቲቸር ጋ 5 ጊዜ ሄድኩ። 44 ዓመቴ ነው፣ ኮቺንግ የወጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዲግሪውን ተውኩት፣ ያለምንም ቁጭት። የመረጥኩት ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም መማር ነው፣ እሑድ እሑድ። አሁን ቢሮ ውስጥ ሒሳቡን በኮምፒውተር የምይዘው እኔ ነኝ፣ ደሞዜም ትንሽ ከፍ ብላለች። ባለቤቴ ራሱ ባለፈው «እኔስ ብሄድ ይቀበሉኛል?» አለኝ። የሚጮኸው ሰውዬ! ሰልፍ ያዝ አልኩት።

ዋጋውን ጠይቃችሁኝ ሳልሰለች ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ትውውቅ ነፃ ነው። ከዚያ በኋላ ለ1 ሰዓት 400 ብር ነው እኛ የከፈልነው፣ ለማይችል ይቀንሳሉ። በሳምንት አንዴ፣ ለእኛ 10 ጊዜ በቅቶናል። «አሁን ከእኔ ጋ ጨርሰሃል» ብለው ያሰናበቱት ራሳቸው ናቸው። ተጨማሪ ካልከፈላችሁ የሚል ሰው ያየ ይሄን ያደንቃል። እኔማ ቀጥሉልን ብዬ ለምኛቸዋለሁ፣ እንቢ አሉ።

ቲቸር፣ ይሄን እንደሚያነቡት አውቃለሁ፣ ልጅዎ አሳይታዎት። እርጥብ ደረጃ ላይ ስለተቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። ላልነበረው ቆሎም አመሰግናለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እናንተ ደግሞ አትዘግዩ። ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ራሳችሁም ሂዱ። ከልጃችሁ ጋ ስትሄዱ ግን መልሱን ከቤት ይዛችሁ አትሂዱ፣ ማድቤት ነው የምትላኩት። ስትጽፉልኝ የት አካባቢ እንደሆናችሁና የልጁን ዕድሜ ብቻ ጻፉ፣ ሌላውን ለእሳቸው ትነግሯቸዋላችሁ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው የምመልሰው፣ ከመርካቶ ቱሉ ዲምቱ መንገዱን ታውቁታላችሁ።

በነገራችን ላይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለባችሁም ጻፉልኝ። ቅዳሜና እሑድ ሰው አለኝ።